ልዩ ክፍል ሐይቅ ዳር ወጣ

የካቲት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ዛሬ ተጀመረ። ገና ፊሽካዬን ከመሳቢያ ሳላወጣ ዳይሬክተራችን አቶ አንዳርጋቸው አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ ዓይናቸው ቀድሞ ያረፈው ሆዴ ላይ ነው። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ከእንግዲህ በሹራብ የሚሸፈን አልሆነም።

«ጓድ ፅጌ ማርያም፣ በዚህ ሁኔታ ሜዳ ላይ መዝለል አይሆንም» አሉኝ። «ስፖርቱን ሌላ መምህር ይይዘዋል። አንቺ እስክትወልጂ የእሌኒን ክፍል ያዢልኝ፤ እሷ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳለች። ቀላል ሥራ ነው። ልጆቹ ተቀምጠው እንዲውሉ ማድረግ ብቻ ነው።»

የእሌኒ ክፍል ከመጋዘኑ ጎን ያለችው ናት። በሯ ላይ «የአእምሮ ዘገምተኞች ልዩ ክፍል» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ይህን ያህል ዓመት እዚህ ትምህርት ቤት ስፖርት ሳስተምር አንድ ቀን ገብቼባት አላውቅም። ዛሬ ገባሁ። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከቦታው የተነሣ ግን የለም። አትነሡ፣ አትንኩ፣ አትሂዱ ሲባሉ የኖሩ ልጆች መሆናቸው ከትከሻቸው ይታወቃል።

አቶ አንዳርጋቸው ለኔ ማሰባቸው ነው። አመሰግናቸዋለሁ። ከሜዳ መውጣቴ ግን አስከፍቶኛል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

እናትዓለም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ዓይኗ ጠበብ ያለ፣ ጣቶቿ ድቡልቡል። ያገኘችውን ሰው ሁሉ ትስማለች። የክፍሉን ደረጃ ወጥታ ስትጨርስ ግን ትንፋሿ ያጥራል።

ሀብተ ሥላሴ። የመሪጌታ ልጅ ነው። የሰማውን ዜማ አይረሳም፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ግን አይሆንለትም።

ክንዱ። ከሁሉም ረጅሙ። አይናገርም። ሲከፋው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እሌኒ ከራሱ ጀርባ ትራስ ሰቅላለታለች።

ዛሬ እሌኒ ጽፋ እንደተወችልኝ ፊደል ልጀምር ብዬ ጠመኔውን ሳነሣ ክንዱ ማጋጨቱን ጀመረ። ትራሱን ሸሽቶ ባዶው ግድግዳ ላይ ነው የሚያጋጨው። የማደርገው ጠፋኝ። እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ሌሎቹም ተከተሉን። ሜዳውን መዞር ጀመርን። እናትዓለም የጎሉ ብረት ጋ ስትደርስ «በቃ» አለችና ተቀመጠች። ክንዱ ግን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ክፍል ስንመለስ አንገቱ በላብ ረጥቧል። ግድግዳውን ዞር ብሎ አላየውም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ይህን ስሜት ዐውቀዋለሁ። ሳልሮጥ የዋልሁ ዕለት እኔም ግድግዳ መምታት ያምረኛል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የባለቤቴ የአበራ እናት እማማ የብርጓል ሊያርሱኝ ከመራዊ መጡ። ገና ይህን ያህል ወር ሲቀረኝ! «ሁለቱ የወረዱብሽ ጠባቂ ስላልነበረሽ ነው። ይሄኛውን እኔ ነኝ የምጠብቀው» አሉኝ።

እራት ላይ አበራ ሳያስበው ስለ አዲሱ ክፍሌ አወራ። እማማ ሊጎርሱ ያነሡትን መለሱት።

«እርጉዝ ሴት እነዚያን ልጆች ስታይ ትውላለች?»

«አስተምራቸዋለሁ እኮ፣ እማማ።»

«ያየሽው ፅንሱ ላይ ይወጣል፣ ልጄ። ተዪው። ሌላ ሥራ ስጡኝ በያቸው።»

ሳቅሁ። አበራም ሳቀ፤ የሱ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። በመተያየት የሚተላለፍ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ዐውቃለሁ። አልፈራሁም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ባለፈው ካርዴ ላይ «37» ብላ ዕድሜዬን ከጻፈች በኋላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ምን ያስጠይቃል? አልፈራሁም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

በችኮላ። ሜዳው ተወሰደብን። ለወዛደሮች ቀን ትልቅ የጂምናስቲክ ትርኢት ይቀርባል ተብሎ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትም ከሰዓትም ልምምድ ነው። ከኔ ክፍል የተመረጠ የለም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም?

አቶ አንዳርጋቸው «ክፍል ውስጥ አቆዪያቸው» አሉ። ሜዳ ባይኖር መንገድ አለ። ፈቃድ ብጠይቅ ይከለክሉኛል። ካልጠየቅሁ ገና አልከለከሉኝም ማለት ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ወጣን!

ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በዘንባባው መንገድ ወርደን ሐይቁ ዳር ደረስን። ከዘጌ እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳዎች እየተራገፉ ነበር። አራጋፊዎቹ ሥራ አቁመው አዩን። አንዱ አማተበ። እናትዓለም ልትስመው ወደሱ ስትንደረደር ግን ሳቀና ጎንበስ አለላት።

ፊሽካ ስነፋ ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። ሀብተ ሥላሴ ማዜም ሲጀምር ግን ሁሉም በዜማው ልክ እግራቸውን አነሡ። ፊሽካዬን ኪሴ ከተትሁት።

መመለሻችን ላይ ዞር ስል ማንን አያለሁ? እማማ የብርጓልን። ያንን ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ስንቆም ይቆማሉ፣ ስንሄድ ይሄዳሉ።

«ምነው እማማ፣ በዚህ ፀሐይ?»

«ሆድሽን ልጠብቅ ነው የመጣሁት። እነሱን አላይም።»

እውነትም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነው የሚሄዱት። አንድ ሁለት ጊዜ ሊደናቀፉ ደረሱ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የክንዱ እናት አገርነሽ የፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ ቀጥታ ወደ ክፍላችን መጣች። ጥጥ ፀጉሯ ላይ ነበር። ልትጣላኝ የመጣች መሰለኝ።

«መምህርት፣ ልጄን ምን ሰጡት?»

«ምንም አልሰጠሁትም። እንሄዳለን፣ እንመለሳለን።»

«ይተኛል እኮ! እራቱን በልቶ ተኛ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ከተወለደ ጀምሮ ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ አድርጌ ነበር የማድረው፤ ከግድግዳው እንዳይማታ። እኔም ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ደንግጬ ትንፋሹን አዳመጥሁ።»

ከዚያ ቆማ አለቀሰች። ክንዱ መጥቶ አጠገቧ ቆመና ፀጉሯ ላይ ያለውን ጥጥ እየለቀመ መጣል ጀመረ።

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው የለም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ነገሩ ገባኝ። ፊደሉን ከጉዞው በፊት ሳይሆን ከጉዞው በኋላ ነው ማስተማር። ከሐይቁ ሲመለሱ እግራቸውን ታጥበው ይቀመጡና ይሰማሉ። ሀብተ ሥላሴ ዛሬ «መ»ን ለይቶ አሳየኝ። ሸሚዙንም እታች ካለው ቁልፍ ጀምሮ ራሱ ቆለፈ፤ አንዱን ዘሎታል፤ ይዝለለው። በመንገድ ላይ ድንጋይ እያነሣ ሐይቁ ውስጥ ሲወረውር የሰነበተ ጣት ነው ቁልፉን የያዘው። ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ታንኳው እስኪያልፍ ቆመው ይጠብቃሉ። እናትዓለም ባለፈው የተቀመጠችበትን ዋርካ ዛሬ አልፋ ሄዳ የሚቀጥለው ጥላ ሥር ተቀመጠች። ስለ ትንፋሿ ነርሷን ጠይቄያት ነበር፤ «አትሩጥ፤ በዝግታ ትሂድ፤ ስትደክም ትረፍ» ብላኛለች። እንደዚያው እናደርጋለን።

እኔ የተማርሁት ስለ ጡንቻና ስለ ሳንባ ነው። እንቅልፍና ትዕግሥትም ከእግር እንደሚመጡ አልተማርሁም። የኔም ወገብ አያመኝም። የምበላው ይጣፍጠኛል።

እማማ ጾም ይዘው እንኳ አልቀሩም። ጃንጥላው አሁን ከኋላችን ሳይሆን ከጎናችን ነው። «ጉልበቴ ሊፈታልኝ ነው መሰል» አሉኝ፤ ቀጥለው ደግሞ «አንቺ ግን ብዙ አትያቸው» አሉኝ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ከመምህራን ክፍል በር ውጭ ቆሜ የሰማሁት፦

«ፅጌ እኮ ከወዲሁ እየተለማመደች ነው።»

ሳቅ። አንዱን ሳቅ ዐወቅሁት፤ የጓደኛዬ ነው።

ምንም አልመሰለኝም። ገብቼ ሻይ ቀዳሁ፣ ጠጣሁ፣ አመሰገንሁ፣ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ቀጠሮዬ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ግን እግረ መንገዴን ነበር። (እግረ መንገዴን አልነበረም። ጤና ጣቢያው በሌላ አቅጣጫ ነው።) ነርሷ የእንጨት መለከቷን ሆዴ ላይ ደግፋ አዳመጠች።

«ልቡ ደህና ይመታል።»

«ሌላ ምልክት የለም?»

«የምን ምልክት?»

«እንዲያው፣ ምልክት።»

መለከቷን አነሣች። «እህቴ፣ ከዚህ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም። ብዪ፣ ጠጪ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት። ሁሉም እርጉዝ ይጠይቃል።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ራሴን አልወደድሁትም።

ጥላ ሥር ዐርፈን ሳለ እናትዓለም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሕፃን?» አለችና እጇን ሆዴ ላይ ልታደርግ ስትል ሸሸሁ። ሳላስበው ነው። ሰውነቴ ነው የሸሸው። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ያንኑ እጅ መልሳ የራሷ ሆድ ላይ አደረገችና ሳቀች፤ ጨዋታ አስመሰለችልኝ። ከኔ የተሻለ ልብ አላት።

እማማ አይተዋል። የሚሉኝን ስጠብቅ፣ ስንመለስ የእናትዓለምን እጅ የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ለአበራ ነገርሁት። ጫማውን እየፈታ ነበር፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ተወው። «ቢሆንስ?» አለኝ። «እንደነሱ ቢሆን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ሐይቅ ዳር እወስደዋለሁ» አልሁት።

አፌ ነው የመለሰ። ልቤ መልሷል ወይ? አላውቅም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሁሉም ደህና ናቸው። ልድገመው፤ ሁሉም ደህና ናቸው።

ዓሣ አጥማጆቹን አልፈን ስንሄድ አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ድንገት ጥሩምባውን ነፋ። ክንዱ ከእናትዓለም እጅ አመለጠ። ወደ ሐይቁ ሮጠ። ደንገሉን ሰንጥቆ ገባ፤ ውኃው እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ። ጮህሁ። ልሮጥ አልሁ፤ ሆዴ አላስሮጥ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሮጥ ኖሬ በሚያስፈልግበት ቀን መሮጥ አቃተኝ።

የገቡት እማማ የብርጓል ናቸው። ነጠላቸውን እንኳ አልጣሉም። ውኃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ ቆሙ፣ ጃንጥላውን አጠፉና እጀታውን ዘረጉለት። አልጮሁበትም። «ና የኔ ጌታ፤ ና እንሂድ፤ ገና መንገድ አለብን» አሉት፣ በየቀኑ ከዋርካው ሥር ሲያስነሡት እንደሚሉት አድርገው። ክንዱ ዞረ። እጀታውን ያዘ። እየጎተቱ አወጡት።

ዳር ላይ ጭንቅላቱን በነጠላቸው አደረቁለት፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ወሬው ከኛ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሷል። አቶ አንዳርጋቸው አላመናጨቁኝም፤ ቢያመናጭቁኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አንድ ልጅ ቢሰምጥ የሚታሰረው ማን ነው? በዚህ በበዓሉ ሰሞን፣ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ባለበት! ከዛሬ ጀምሮ ከክፍል እንዳይወጡ።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውም የልጆች አባት ናቸው።

ፈቃድ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ። አራት ትልልቅ ሰዎች ሆነን ወጥተን ቢሆን ኖሮ። የክንዱን እጅ እኔ ይዤ ቢሆን ኖሮ።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ክፍል ውስጥ። የክንዱ ግንባር አብጧል። ትራሱን ቀደደው።

ሀብተ ሥላሴ ማዜም ትቷል። ቁልፉን እኔ ቆለፍሁለት።

እናትዓለም በመስኮቱ ብረት መሃል እጇን አውጥታ «እንሂድ» ትላለች። ሜዳው ላይ ትርኢተኞቹ በአንድነት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ እሷም ታነሣለች። ከዚያ ትቀመጣለች። ከተቀመጠች ደግሞ አትነሣም።

ባላወጣቸው ይሻል ነበር ይሆን? ውጭውን ሳያውቁት እንዲህ አይናፍቁትም ነበር። ይህን እያሰብሁ ዋልሁ።

የኔም እግር አብጧል። ወገቤን ያመኛል። እማማ ቤት ውስጥ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳሉ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ዛሬ በደንብ እጽፈዋለሁ።

ከረፍት በኋላ አቶ አንዳርጋቸው አስጠሩኝ። ቢሯቸው በሰው ሞልቷል። አገርነሽ ክንዱን ይዛ ቆማለች። የሀብተ ሥላሴ አባት መሪጌታ ገብረ መስቀል መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ከመሃል ደግሞ እማማ የብርጓል ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ እንኳ አላወቅሁም፤ ቤት ለቤት ዞረው የሰበሰቧቸው እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የተናገረችው አገርነሽ ናት። «ጌታዬ፣ ልጄ ውኃ ገባ ብለው ነው የከለከሉት። ውኃው አንድ ቀን ነው ያስደነገጠኝ። ይሄ ግን ማታ ማታ ነው። እስቲ ግንባሩን ይዩት» አለችና የክንዱን ፀጉር ገለጥ አደረገች።

አቶ አንዳርጋቸው አዩ። ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ።

«ጠልቻቸው አይደለም» አሉ። «ግን ምን ይጠቅማቸዋል? መሄድ ትምህርት ነው ወይ? ለሚጠይቀኝ አካል ምን ብዬ ነው የማስረዳው?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሀብተ ሥላሴ ቅዳሴ ቆሞ መጨረስ አይችልም ነበር። እግሩ ይዝልና ከመሬት ይተኛል፤ እኔም ከሰው ዓይን እደብቀው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ከጎኔ ቆሞ አስቀደሰ፤ እስከ መጨረሻው፣ እስከ እትዉ በሰላም። ከዚህ ሌላ የማስረዳዎት የለኝም።»

እማማ ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ አቆሙ።

«የኔም ጉልበት ተመልሶ ሊታሰር ነው።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?» አሉ አቶ አንዳርጋቸው።

«እኔማ የክፍሉ ተማሪ ነኝ።»

አቶ አንዳርጋቸው ሳቁ። ሊያቆሙት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ሲስቁ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉና «ውኃው ጋ እንዳትደርሱ። በአስፋልቱ ዳር ብቻ። ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ» አሉ።

እኔ እያለቀስሁ ነበር መሰለኝ፤ እርግዝና ሆድ ያስብሳል ይባላል።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

የወዛደሮች ቀን። ዘንድሮ ከጸሎተ ሐሙስ ጋር ገጠመ።

ከተማው ሁሉ ሰልፍ ወጥቷል። እኔ በሆዴ ምክንያት ተፈቅዶልኛል። እማማ ደግሞ «ስሜ ያለው መራዊ ነው፤ እዚህ ማን ይጠራኛል?» አሉ። አገርነሽ ወደ ሰልፉ ስትሄድ ክንዱን ቤታችን በር ላይ ትታልኝ ሄደች። የሌሎቹም ወላጆች እንደዚያው አደረጉ። ልጆቹ ጫማ አጥልቀው ቆመዋል። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? ወጣን።

መንገዱ ባዶ ነው። ከሩቅ የድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ እኛ ግን አስፋልቱን ለብቻችን ይዘን በዘንባባዎቹ ጥላ ሄድን። እንዲህ ሰፊ መንገድ ኖሮን አያውቅም። ሄደን ሄደን ዓባይ ድልድይ ደረስን።

ጠባቂ ወታደር አስቆመን። ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና መብቀል መጀመሩ ነው።

«ወዴት ነው?»

ወዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። «ዓባይ ማዶ» አልሁት።

ልጆቹን አያቸው፤ ሆዴን አየ፤ የእማማን ጃንጥላ አየ። «ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው። ሳትቆሙ እለፉ» አለ።

«አንዷ ልጅ ይደክማታል፤ መሃል ላይ ትቀመጥ ይሆናል።»

«እናቴ፣ መቆም ክልክል ነው፤ ትእዛዝ ነው። ካልቻለች ከዚህ ተመለሱ።»

መመለስ ነበረብኝ። እናትዓለም ግን የወታደሩን ጉንጭ ስማ ቀድማን ድልድዩ ላይ ወጥታለች።

ተከተልናት። ከሥራችን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በዝግታ ይሄዳል። ከመሃሉ ሳንደርስ እናትዓለም ትንፋሿ ከበዳት፤ ጎንበስ አለች። ልትቀመጥ ነው። ወደ ኋላ ዞር ስል ወታደሩ ያየናል። ልሸከማት? በዚህ ሆድ? እማማ በአንድ ጎኗ ገቡ፤ ክንዱ በሌላው። ሰው ሲደገፈው የሚሸሽ ልጅ ነው።

ሀብተ ሥላሴ ከፊት ሆኖ «ኪርያላይሶን» ጀመረ። የሰሙነ ሕማማቱን፣ ያን ረጅሙን። እንደ ወትሮው አላፈጠነውም። እናትዓለምን ዞር ብሎ አየና አንዱን ቃል እየሳበ፣ እየሳበ፣ በሷ እርምጃ ልክ አደረገው። «ኪርያ» ሲል ቀኟ፣ «ላይሶን» ሲል ግራዋ። ቀና አለች። ሄደች። ሌሎቹም በዚያው ልክ ሄዱ። እኔም ሄድሁ፤ በሆዴ ያለውም ሲገላበጥ ይሰማኝ ነበር።

ሳንቆም አለፍን።

ማዶ ስንደርስ እናትዓለም ሣሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠችና «አለፍሁ!» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሁልጊዜ «በቃ» ነበር የምትለው። ላቧን ጠረግሁላት። እጇን ይዤ ሆዴ ላይ አደረግሁት። «ስሚው፣ ይሄዳል» አልኋት። ጆሮዋንም አስጠግታ ሰማች።

ደስታችን ሞልቶ ተቀምጠን ሳለ እማማ «እንዴ ልጆች፣ መመለሻውም እኮ በዚሁ ድልድይ ነው!» አሉ። ሳቃችን ዓባይን የሚያሻግር ነበር።

ስንመለስ ወታደሩ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ቆሟል። አጠገቡ ሳልፍ ከንፈሩ ከሀብተ ሥላሴ ጋር አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ጠግበናል። ክንዱ በበዓሉ ሰሞን ሁለት ቀን ባይሄድ በሦስተኛው ጫማውን ይዞ ከቤታችን በር ላይ ቆሞ አገኘነው። እማማ «እኔንም አሞኝ ነበር» ብለው ነጠላቸውን አነሡ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

እሌኒ ከሥልጠና ተመለሰች። ክፍሉን አየች፤ ወንበሮቹን ወደ ጥግ መግፋታችንን፣ ከበሩ ጎን የተደረደሩትን ሸራ ጫማዎች። «በምን ፕሮግራም ነው ያስተማርሻቸው?» አለችኝ።

«ጠዋት እግር፣ ከዚያ ፊደል።»

ነገ አብራ ትወጣለች። ከእንግዲህ እኔ መራመድ ሳይሆን መንከባለል ነው የቀረኝ። አቶ አንዳርጋቸው በር ላይ አግኝተውኝ፣ የአውራጃው ሰዎች ስለ ልዩ ክፍል ሲጠይቋቸው «ጤናቸው ተሻሽሏል፤ ከትምህርትም አይቀሩም» ብለው እንደመለሱ ነገሩኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጉልበት ለማፍታታት ስንት ጊዜ ነው መሄድ?» አሉኝ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ወለድሁ። እሑድ ጠዋት።

ምጡ ረጅም ነበር፤ ነርሷ «መንገድ የለመደች ናት፤ ጉልበት አላት» እያለች ታበረታታኝ ነበር። ልጁ ወጥቶ ሲያለቅስ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወንድ ነው ሴት?» ሴት ናት። አቅፌ አጠባኋት፤ ተኛች፤ እኔም ተኛሁ። አበራ ገብቶ «ምን አሉሽ? ደህና ናት አሉሽ?» ብሎ ሲጨነቅ ነው ሌላውን ጥያቄ ፈጽሞ እንዳልጠየቅሁት ያወቅሁት።

«ጠይቃቸው ከፈለግህ» አልሁት። ልጅቱን አየ፤ ጣቱን ያዘችው። አልሄደም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

አራስ ቤት። ተኝታለች፤ ቶሎ ልጻፍ።

እማማ ጠያቂ አያስገቡም። የሰፈሩን ሴቶች ከበር ይመልሳሉ፤ «ጨቅላ ናት፤ የሰው ዓይን ይከብዳታል» እያሉ። ጓደኛዬ እንኳ ገንፎዋን ሰጥታ ከደጅ ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋት ግን ውጭ ኮቴ ሰማሁ። ብዙ ኮቴ፣ እኩል የሚሄድ። በሩ ተከፈተ፤ እማማ ከፊት፣ እሌኒ ከኋላ፣ ክፍሉ በሙሉ ከመሃል።

«ግቡ፤ ቀስ ብላችሁ» አሉ እማማ። «ጫማ አውልቁ።»

ገቡ። ቤቱ የመንገድ አቧራና የሐይቅ ሽታ ሞላው። ክንዱ ግድግዳውን ትቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሀብተ ሥላሴ በሹክሹክታ እሹሩሩ አለ። እማማ ልጄን ከኔ ተቀበሉና፣ እኔ ሳልጠየቅ፣ እናትዓለም ጭን ላይ አስቀመጧት። «ጭንቅላቷን ደግፊ፤ እንዲህ» አሏት።

እናትዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳመችም። መሳሙን ረስታው ነው። ቆይታ ቆይታ «መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«ገና ናት፤ እግሯ ይጥና።»

«እኔ አሳያታለሁ። በዝግታ ነው የምናደርገው።»

«አሳያት» አሉ እማማ። «ካንቺ የተሻለ የሚያሳያት የለም።»

እናትዓለም በጥንቃቄ የልጄን መጠቅለያ ከታች ገለጠች። ያችን ትንሽ እግር በአጭር ጣቶቿ ይዛ ውስጧን፣ ተረከዟን፣ ጣቶቿን አገላብጣ አየች። ከዚያ ቀና አለችና ለኔም፣ ለእማማም፣ ለሁሉም አስታወቀች።

«ጥሩ እግር ነው።»